ከካርድ ክፍል እስከ ጆርናል፦ የሆስፒታል ጥናትን ለማሳተም ዝርዝር መመሪያ

ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከሞጣና ከዳንግላ የሚመጡ ባልደረቦች ውድቅ የተደረገ ጽሑፍ ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው የአርታኢውን ደብዳቤ ነው። አብዛኞቹ ጽሑፋቸው የወደቀው እንግሊዝኛቸው ስላልጠነከረ ይመስላቸዋል። ደብዳቤው ግን ሌላ ነገር ይናገራል። የሥነ ምግባር ፈቃዱ ቁጥር አልተጻፈም፤ ቀኖቹ ይጋጫሉ፤ ናሙናው ከጥያቄው ጋር አይሄድም፤ ወይም ጽሑፉ የተላከው ጉዳዩ ለማይመለከተው ጆርናል ነው። ሁሉም ብዕር ከመነሳቱ በፊት ሊስተካከሉ ይችሉ ነበር። ከተረኛ ሥራ በኋላ ካርድ ክፍል ገብተው አቧራ ሲጠርጉ ያመሹ ሰዎች ድካም መደርደሪያ ላይ ሲቀር ያንገበግበኛል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ይሥሩ፤ አንዱን ደረጃ ሳይጨርሱ ወደ ቀጣዩ አይለፉ።

ደረጃ 1፦ ወረቀቶቹን አስቀድሞ መያዝ

ፈቃድ

የሥነ ምግባር ፈቃድ የሚሰጠው መረጃ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት ነው። ሕሙማንን ሳያነጋግሩ ካርድ ብቻ ለሚያገላብጡበት ጥናትም ፈቃድ ወይም ኮሚቴው በጽሑፍ የሚሰጠው ነፃ የመሆን ውሳኔ ያስፈልጋል።

ደብዳቤው ላይ ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ የፈቃዱ ቁጥር፣ የተሰጠበት ቀን፣ የኮሚቴው ሙሉ ስም። ሦስቱንም እንዳሉ በጽሑፍዎ የአሠራር ዘዴ ክፍል ውስጥ ያስገቡ።

ጥንቃቄ፦ ሆስፒታሉ «አስፈላጊው ትብብር ይደረግላቸው» ብሎ የሚጽፈው የትብብር ደብዳቤ የሥነ ምግባር ፈቃድ አይደለም። ይህን ያምታቱ ብዙ ባልደረቦች አይቻለሁ፤ አርታኢዎች ግን ወዲያውኑ ይለዩታል።

ያለ ፈቃድ ሥራውን ጀምረው ከሆነ አሁኑኑ ያቁሙ። ወደ ኮሚቴው ይሂዱና የሆነውን እንደሆነው ይናገሩ። ኮሚቴው ከፈቀደ ከመዝገቡ እንደገና ይቅዱ፤ የቀድሞውን መረጃ አይጠቀሙ። ቀኑን ወደ ኋላ አስጽፎ ደብዳቤ ማውጣት ማጭበርበር ነው፤ ከታወቀ የታተመ ጽሑፍ እንኳ ይሰረዛል።

መድኃኒት ወይም ሌላ ሕክምና የሚሞክር ጥናት ከሆነ የመጀመሪያው ተሳታፊ ከመግባቱ በፊት በክሊኒካዊ ሙከራዎች መዝገብ ያስመዝግቡት። መቀመጫው ደቡብ አፍሪካ የሆነው የመላ አፍሪካ የክሊኒካዊ ሙከራዎች መዝገብ ለዚህ ያገለግላል። ዋና ዋና የሕክምና ጆርናሎች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ያልተመዘገበ ሙከራ አይቀበሉም፤ ዘግይቶ መመዝገብም አያድንም። የመድኃኒት ሙከራ ከሆነ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ይጨመራል። ደም ወይም ሌላ ናሙና ለምርመራ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ ደግሞ የአገር አቀፉን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት ይያዙ። ከላቦራቶሪ ወደ ሕሙማን አልጋ የሚሻገሩ ጥናቶች በአብዛኛው የሚዘገዩት እዚህ ላይ ስለሆነ ሌላ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ይጠይቁ።

የሕሙማን ስምምነት

የአንድ ሕመምተኛ ታሪክ የሚያሳትሙ ከሆነ በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ ያስፈልጋል። ማንበብ ለማይችል ሰው ቅጹ በሚረዳው ቋንቋ፣ በአዊ ከሆነ በአውንግኛ፣ ይነበብለት፤ ጣቱን ያትምበት፤ ገለልተኛ ምስክር ይፈርም። ሕመምተኛው አርፎ ከሆነ የቅርብ ቤተሰቡን ይጠይቁ። ፎቶ ላይ ዓይንን በጥቁር መስመር መሸፈን ማንነትን አይደብቅም። በአንድ ቀበሌ አንድ ሰው ብቻ የያዘው በሽታ ከሆነ የቀበሌውን ስም፣ ትክክለኛ ቀኑንና ሥራውን ያውጡ፤ ጎረቤት የሚያውቀው በስሙ ብቻ አይደለም።

የደራሲዎች ስም

ማን ደራሲ እንደሚሆን ሥራው ሳይጀመር በወረቀት ይስማሙ። ዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ኮሚቴ አራት መስፈርቶች አስቀምጧል፤ አራቱም መሟላት አለባቸው። ደራሲው በሐሳቡ፣ በመረጃው ወይም በትንተናው ጉልህ ድርሻ ይኖረዋል፤ ጽሑፉን ይጽፋል ወይም በቁም ነገር ያርማል፤ የመጨረሻውን ቅጂ ያጸድቃል፤ ስለ ሥራው ተጠያቂነትን ይቀበላል። ይህን የማያሟሉ የክፍል ኃላፊዎችንና የካርድ ክፍል ሠራተኞችን በምስጋና ክፍል ያስቀምጡ። ኃላፊን ከደራሲነት ማስቀረት በባህላችን ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ለዚህ ነው ስምምነቱ ገና ሰው ሳይጣላ መጻፍ ያለበት።

ስምዎን በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት አድርገው ይጻፉ። «ፀሐይ» የሚለውን ስም በሦስትና በአራት ዓይነት ፊደል ጽፈው ሥራቸው በሦስትና በአራት ሰው ስም የተበተነባቸው አሉ። ኦርኪድ የሚባለውን ነፃ መለያ ቁጥር አሁኑኑ ያውጡ። ለደብዳቤ ልውውጥ ደግሞ መሥሪያ ቤት ሲቀይሩ የማይዘጋ የኢሜይል አድራሻ ይስጡ።

ደረጃ 2፦ ቀንና ሰዓት

እዚህ ላይ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም የእኛን አገር ጥናት ከሌላው ለይቶ የሚያስወድቀው ይህ ነው፤ የውጭ አገር መጻሕፍትም አያስተምሩትም።

እኔና አንድ ባልደረባዬ ከዓመታት በፊት በላክነው ጽሑፍ ላይ ገምጋሚው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀን፦ ሕመምተኛው ከመግባቱ በፊት እንዴት ወጣ? ካርዱ ላይ ያለው ቀን በእኛ አቆጣጠር፣ ከላቦራቶሪ ማሽኑ የታተመው ደግሞ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነበር። መረጃ አስገቢው ሁለቱንም እንዳሉ ጽፏቸዋል። ካርዶቹን አንድ በአንድ መልሰን አወጣን፤ የተወሰኑትም እስከ መጨረሻው አልተገኙም።

1. በመረጃ መሰብሰቢያ ቅጹ ላይ ለእያንዳንዱ ቀን ሁለት ቦታ ያዘጋጁ። አንዱ ካርዱ ላይ የተጻፈው ቀን፣ ሌላው የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ። ሲቀዱ በጭንቅላትዎ አይቀይሩ።

2. ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች በቁጥር ያስገቡ። ጥቅምት 30ን በአንድ ዓምድ 30/2 ብለው ቢጽፉ ኤክሴል ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለማያውቅ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል፤ ጥቅምት 20ን ግን ሳይጠይቅ ፌብሩዋሪ 20 ያደርገዋል። ጳጉሜን የሚባል 13ኛ ወር ደግሞ ጨርሶ አያውቅም።

3. ወደ ጎርጎርዮስ የመቀየሩ ሥራ መጨረሻ ላይ በአንድ መቀየሪያ፣ በአንድ ሰው ይሠራ። በሁሉም ዓመት ላይ 8 መደመር ወይም 7 መደመር አይሠራም፤ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ነው። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ያለው መስከረም 1 ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። ለምሳሌ ከጥር 1 እስከ መጋቢት 30 ቀን 2016 የተሰበሰበ መረጃ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 10 እስከ ኤፕሪል 8 ቀን 2024 ነው።

4. ሰዓቱን ይጠንቀቁ። በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለሌላው 2 ሰዓት ነው፤ ቀኑም ተቀይሯል። ሰኞ ማታ ተረኛ የነበረች አዋላጅ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተወለደውን ሕፃን በሰኞ ቀን ብትመዘግበው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ማክሰኞ ነው። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ስለሚሞቱ ጨቅላዎች ወይም ከድንገተኛ ክፍል እስከ ቀዶ ሕክምና ስለሚወስደው ጊዜ የሚጽፉ ከሆነ ይህ አንድ ስህተት ውጤቱን ይገለብጠዋል።

5. ሲጨርሱ 20 ካርድ በዕጣ ያውጡና ሌላ ሰው እንደገና ይቅዳቸው። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ችግሩ ያለው በሃያዎቹ ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም ይመርምሩ።

በጽሑፉ ውስጥ የጎርጎርዮስን ቀን ብቻ ይጻፉ።

ደረጃ 3፦ ናሙናና ትንተና

በእጄ የሚገቡ የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙዎቹ ናሙናቸው 422 ወይም 423 ነው። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ስርጭቱ (ችግሩ ያለባቸው ሰዎች ድርሻ) 50 በመቶ፣ ስህተቱ 5 በመቶ፣ መተማመኛው 95 በመቶ ሲደረግ 384 ይወጣል፤ 10 በመቶ ምላሽ ለማይሰጡ ይጨመራል። ስርጭትን ለመለካት ይበቃል። መንስኤ ለመፈለግ ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም። በ422 እናቶች መካከል የሚፈልጉት ችግር የሚደርሰው በ5 በመቶዎቹ ላይ ከሆነ 21 እናት ብቻ ነው የሚያገኙት። ለአንድ ተለዋዋጭ (መንስኤ ይሆናል ተብሎ ለሚመረመር ነገር) ቢያንስ 10 ክስተት በሚለው የቆየ መለኪያ 21 ክስተት ሁለት ተለዋዋጭ ብቻ ይችላል። አሥራ ሁለት ተለዋዋጭ አስገብተው ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (እውነተኛው ዋጋ ይገኝበታል የሚባለው ክልል) ከ1.1 እስከ 48 ሲሆን ገምጋሚው ውጤቱን አያምነውም።

ሥራው አልቆ ናሙናው ካነሰ ተለዋዋጮቹን በሕክምና ዕውቀት መርጠው ይቀንሱ፤ ወይም መንስኤ ፍለጋውን ይተዉና ስርጭቱን በጥንቃቄ ይግለጹ። ትንሽ ነገር በትክክል የተናገረ ጽሑፍ ይታተማል።

የስታቲስቲክስ ፕሮግራሙ ኤስፒኤስኤስ 0.000 ብሎ የሚያሳየውን ፒ ቫልዩ እንዳለ አይገልብጡ፤ ከ0.001 በታች ብለው ይጻፉ። ችግሩ በብዙ ሰዎች ላይ የሚታይ ከሆነ ኦድስ ሬሾ የሚባለው መለኪያ ዝምድናውን አጋኖ ስለሚያሳይ የሁለቱን ቡድኖች ስርጭት በቀጥታ የሚያነጻጽረውን ፕሪቫለንስ ሬሾ ይጠቀሙ። የጎደለ መረጃ ስንት እንደሆነ በእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ላይ ይግለጹ። ካርዳቸው ያልተገኘ ሕሙማንን ቁጥርም አይደብቁ፤ የጠፋው ብዙ ጊዜ የሞተው ሰው ካርድ ነው።

ስለ ደም ማነስ የምትጽፉ የጎጃም ባለሙያዎች በተለይ ይህን ስሙኝ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢን በተፈጥሮው ከፍ ይላል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው የከፍታ ማስተካከያ ካልተቀነሰ የደም ማነሱ ስርጭት ከእውነቱ አንሶ ይታያል። ወደ ዓባይ ሸለቆ ከወረዱ ማስተካከያው ይለወጣል። ተሳታፊዎቹ የመጡበትን ወረዳ ከፍታ ይመዝግቡ።

ደረጃ 4፦ ጆርናል መምረጥ

ጽሑፉን ከመጻፍዎ በፊት ሦስት ጆርናል በቅደም ተከተል ይምረጡ። ከእያንዳንዱ ባለፉት ሁለት ዓመታት የወጡ አምስት ጽሑፎችን ያንብቡ። ከአንድ ሆስፒታል የመጣ ጥናት ከሌለበት የእርስዎንም አይቀበልም። የአገራችንን ጆርናሎች አይናቁ፤ የአገር ውስጥ ሐኪም የሚያነበው ውጤት ከሆነ የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር የሚያሳትመው ኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል ተገቢ ቦታ ነው። ዩኒቨርሲቲዎ ለደረጃ እድገት የሚቀበላቸውን ዝርዝርም ከምርምር ጽሕፈት ቤቱ ይጠይቁ።

ጥናትዎ ለውጭው ዓለም የሚናገረው ነገር እንዳለ ራስዎን ይጠይቁ። በምሥራቅ ጎጃም በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የተካሄደ የትራኮማ (የዓይን በሽታ) ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2009 በታዋቂው የሕክምና ጆርናል በላንሴት ታትሟል። ያሳተመው የወረዳው ስም አይደለም፤ ሕፃናትን ደጋግሞ ማከም በዚያው ማኅበረሰብ ያሉትን ያልታከሙ ሰዎች ይጠብቃል ወይ የሚለው ጥያቄ ነው። «በእንዲህ ዓይነት ሆስፒታል የእንዲህ ዓይነት በሽታ ስርጭት» ብቻ ከሆነ ግን የሚጠበቅበትን ቦታ ይምረጡ።

አጭበርባሪ ጆርናሎችን እንዲህ ይለዩ፦

• በኢሜይል «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ የሚለምንዎት ከሆነ ይጠራጠሩ።
• በሦስት ቀን ውስጥ ተቀብያለሁ ካለ ማንም አላነበበውም።
• ፐብሜድ በሚባለው የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ ውስጥ አለሁ ካለ በራሱ ገጽ ላይ አይመኑ፤ ፐብሜድ ገብተው ስሙን ይፈልጉ።
• ክፍያው አስቀድሞ በግልጽ ካልተጻፈ ይተዉት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ የፈሰሰው ግን አይለቀምም። ወደ እንዲህ ዓይነት ቦታ ልከው ከሆነ ክፍያም ፊርማም ሳይሰጡ ጽሑፌን መልሻለሁ የሚል ደብዳቤ ይላኩና በጽሑፍ ማረጋገጫ ይጠይቁ። አውጥተውት ከሆነ እንደ አዲስ ወደ ሌላ ጆርናል መላክ ድርብ ኅትመት ነው። ለሚቀጥለው አርታኢ እውነቱን ጽፈው ያማክሩት።

ክፍያ ያስፈራዎት ይሆናል። ኢትዮጵያ ታዳጊ አገሮች የምርምር ጽሑፎችን በነፃ ወይም በርካሽ እንዲያገኙ በሚረዳው በሪሰርች ፎር ላይፍ መርሐ ግብር የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ስለሆነች ብዙ አሳታሚዎች ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ይተዋሉ። የሚጠየቀው ግን ሲላክ ነው፤ ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብዙዎቹ አይሰሙም። በዚያው መርሐ ግብር የጤና ክፍል በሂናሪ አማካኝነት የተቆለፉ ጽሑፎችን በነፃ ማንበብም ይቻላል፤ የይለፍ ቃሉን ከዩኒቨርሲቲዎ ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ።

ደረጃ 5፦ መጻፍ

በመጀመሪያ የሚመለከትዎትን የዘገባ መመዘኛ ያውርዱ። ለምልከታ ጥናት 22 ነጥብ ያለው ስትሮብ፣ ለአንድ ሕመምተኛ ታሪክ ኬር፣ ለሙከራ ኮንሶርት፣ ለምርመራ መሣሪያ ፍተሻ ስታርድ ነው። ነጥቦቹን ወረቀት ላይ ሞልተው መጻፍ ይጀምሩ፤ ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ለመሙላት አይሞክሩ።

የአጻጻፉ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ሠንጠረዦች፣ ውጤት፣ የአሠራር ዘዴ፣ ውይይት፣ መግቢያ፣ አብስትራክት (አጭር ማጠቃለያ)፣ ርእስ። ከመግቢያ የሚጀምሩ ሰዎች ሦስት ገጽ ስለ በሽታው ጽፈው ይደክማሉ።

የአሠራር ዘዴ ክፍልን ከቀድሞ ተመራቂ ጽሑፍ አይገልብጡ። ስለ ከተማው የሚናገረው አንቀጽ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍ ኖሯል፤ የመመሳሰል መፈተሻ ፕሮግራሙም መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው። ከተማው ከአዲስ አበባ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ብቻ ሳይሆን ሆስፒታሉ የትኛውን ሕክምና እንደሚሰጥና የትኛውን እንደማይሰጥ ይጻፉ። የመሰብሰቡ ሥራ በመንገድ መዘጋት ከተቋረጠ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ በግልጽ ያስቀምጡ። ገምጋሚው ያልተናገሩትን ክፍተት ራሱ ካገኘው ይጠረጥራል፤ ከነገሩት ያከብራል።

ውይይቱን በዋናው ግኝት ይክፈቱ። የጎጃም ቅኔ ቤት ወርቁን በሰም ሸፍኖ ማቅረብን ያስተምራል፤ እዚህ ግን ወርቁ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ተገልጦ ይቀመጥ። ከዚያ ለምን እንደሆነ ይመርምሩ። «ከኬንያው ይበልጣል፣ ከሕንዱ ያንሳል» እያሉ መደርደር ውይይት አይደለም። የአንድ ጊዜ ዳሰሳ መንስኤን አያረጋግጥም፤ ስለዚህ «ያስከትላል» ሳይሆን «ይያያዛል» ይበሉ።

ቻትጂፒቲንና መሰሎቹን ቋንቋ ለማስተካከል ከተጠቀሙ ይግለጹ፤ ደራሲ ማድረግ አይቻልም። የሕሙማን መረጃ አይስጡት። የሚጠቁምዎትን እያንዳንዱን ዋቢ ፐብሜድ ላይ ይፈትሹ፤ የሌለ ጽሑፍ ይፈጥራል።

ደረጃ 6፦ መላክ

መብራትና ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ቦታ የመላኪያ ገጹ ላይ ቁጭ ብሎ መጻፍ ሥራን ያጠፋል። ቅጹ የሚጠይቀውን ሁሉ አስቀድመው በአንድ ሰነድ ያዘጋጁ፦ ርእስ፣ አብስትራክት፣ ቁልፍ ቃላት፣ የደራሲዎች ሙሉ ስምና ኢሜይል፣ የፈቃድ ቁጥር፣ የገንዘብ ምንጭ፣ የጥቅም ግጭት መግለጫ። ከዚያ ኔትወርክ ሲገኝ ይገልብጡ። ገጹ መሐል ላይ ከተቋረጠ እንደ አዲስ አይጀምሩ፤ ግማሽ የቀረው ሥራ ብዙ ጊዜ በመለያዎ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሁለት ጊዜ የገባ ጽሑፍ ጥርጣሬ ያመጣል።

ለአርታኢው የሚጻፈው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ምን እንዳገኙ፣ ለዚያ ጆርናል አንባቢ ለምን እንደሚጠቅም፣ ጽሑፉ ሌላ ቦታ አለመላኩን ይናገር። በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ የተቀመጠ የመመረቂያ ጽሑፍ ካለ እዚያው ይጥቀሱት። በአንድ ጊዜ ለሁለት ጆርናል ፈጽሞ አይላኩ።

ደረጃ 7፦ ውሳኔው ሲመጣ

ሳይገመገም በቀናት ውስጥ ከተመለሰ አይከራከሩ። በብዛት ጉዳዩ ለጆርናሉ አልሆነም ማለት ነው። ቅርጹን አስተካክለው በሳምንቱ ወደ ሁለተኛው ምርጫዎ ይላኩ።

ተገምግሞ ውድቅ ከሆነ አስተያየቱን ሳያስተካክሉ ወደ ሌላ አይላኩ። የሙያ ዘርፉ ጠባብ ነው፤ ያው ገምጋሚ እንደገና ሊደርሰው ይችላል።

አሻሽሉ ከተባለ ደስ ይበልዎ፤ በሩ ተከፍቷል። ባለ ሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ ይሥሩ፦ የገምጋሚው ቃል እንዳለ፣ የእርስዎ መልስ፣ የተቀየረበት ገጽና መስመር። አንዲት ነጥብ እንኳ ሳትመለስ አትለፍ። ገምጋሚው ከተሳሳተ በአክብሮትና በመረጃ ያሳዩት፤ ብዙ ጊዜ የተሳሳተው ጽሑፋችን ግልጽ ስላልነበረ ነው፤ ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩንም ያስተካክሉ። የሌለዎትን መረጃ ከጠየቀ አይፍጠሩ፤ እንደሌለ ይናገሩና በጥናቱ ውስንነት ክፍል ያስገቡት። ቀኑ ሊያልፍ ከሆነ ሳያልፍ ማራዘሚያ ይጠይቁ፤ አርታኢዎች አይከለክሉም፤ ዝምታን ግን እንደ መተው ይቆጥሩታል።

ሦስት ወር ሙሉ ምንም ካልተሰማ የጽሑፉን ቁጥር ጠቅሰው አጭር መልእክት ይላኩ።

ደረጃ 8፦ ከተቀባይነት በኋላ

የመጨረሻው የኅትመት ማረሚያ በአብዛኛው በ48 ሰዓት ውስጥ ተመልሶ ይጠየቃል። የሁሉንም ደራሲ ስም፣ የሠንጠረዥ ቁጥሮችን፣ የመድኃኒት መጠንንና ነጥቦችን ከዋናው ፋይል ጋር ጮክ ብለው እያነበቡ ያመሳክሩ፤ አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ይከተል። ከታተመ በኋላ ስህተት ካገኙ ለአርታኢው ራስዎ ይጻፉ፤ እርማት ያወጣል።

ጥሬ መረጃ እንዲያስቀምጡ ከተጠየቁ የካርድ ቁጥር፣ ስም፣ ቀበሌና የተወለዱበትን ቀን አውጥተው ያስቀምጡ።

የታተመውን ጽሑፍ አንድ ቅጂ ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፣ አንድ ቅጂ ለካርድ ክፍሉ ይስጡ። ከሱም ጋር ግኝቱን በአማርኛ የሚያብራራ አንድ ገጽ ያያይዙና በጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ ላይ ያቅርቡት።